ሩት ማናት?

በመሥሪያ ቤታችን አንዲት ክብ ማኅተም አለች። ጸሐፊያችን መሳቢያ ውስጥ ቆልፋ ታስቀምጣታለች፤ የመሳቢያውን ቁልፍ ደግሞ ከአንገት ሐብሏ ጋር አንጠልጥላዋለች። ደብዳቤ ይዛችሁ ስትገቡ መጀመሪያ ፊታችሁን ታያለች፤ ቀጥላ የሥራ አስኪያጁን ፊርማ፤ በመጨረሻ ወረቀቱን። ከዚያ ማኅተሟን ታወጣና ወደ አፏ አስጠግታ «እህህ» ትልባታለች። ጠቅ! ያ «ጠቅ» ያላረፈበት ደብዳቤ፣ ንጉሥ ሰሎሞን ራሱ ቢያረቀውም፣ ከግቢው በር አያልፍም።

እኔ የዚያ መሥሪያ ቤት «የኮምፒውተር ልጅ» ነኝ። አርባን ካለፍኩ ቆይቻለሁ፤ ልጅነቱ ግን ከሥራ መደቡ ጋር የመጣ ስለሆነ እስከ ጡረታ አይለቀኝም። ፕሪንተር ወረቀት ሲበላ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ፣ አንዳንዴም የሻይ ማፍያው አልሞቅ ሲል የምጠራው እኔ ነኝ። በኮሪደሩ ጥግ፣ ከዩፒኤሱ ጎን፣ ቀን ከሌሊት ሲያንጎራጉር የሚኖር ሰርቨር አለ። ሊኑክስ ነው። የእሱን ማኅተም የምይዘው እኔ ነኝ።

የሊኑክስ ማኅተም «ሱዱ» ትባላለች። («ሱዶ» የሚሏትም አሉ። በዚህ የተጣላ ሰው አላየሁም፤ የተኮራረፉ ግን አውቃለሁ።) እንደ ተራ ተጠቃሚ አንድ ከበድ ያለ ትእዛዝ ስትጽፉ ማሽኑ «አልተፈቀደልህም» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ያችኑ ትእዛዝ «ሱዱ» የምትል ቃል አስቀድማችሁ ስትደግሙለት ግን ያ ሁሉ ኩራቱ ይረግባል። ድሮ ሰው መንገድ ላይ ጠበኛ ሲገጥመው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ያቆመው እንደነበረው ነው። ተናጋሪው በትር እንኳ ያልያዘ ምስኪን ሊሆን ይችላል፤ የሚያስቆመው የተጠራው ስም ነው። በሊኑክስ የሚጠራው ስም «ሩት» ነው። ትርጉሙ ሥር ማለት ነው። በማሽኑ ውስጥ የሚሳነው የሌለ፣ መለያ ቁጥሩ ዜሮ የሆነ ጌታ ነው።

ችግሩ ስሙ አማርኛ ውስጥ ሲገባ ነው። አንድ ቀን ለአንድ ጓደኛዬ በስልክ፣ «መጀመሪያ አንተ ራስህ ሩት መሆን አለብህ፤ ሩት ሳትሆን ብትነካካው እሺ አይልህም» እያልኩ ሳስረዳ ጸሐፊያችን ከጀርባዬ ፋይል ትፈልግ ኖሯል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰላምታዋ ቀዘቀዘብኝ።

ሱዱ የትናንት ልጅ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ ቦብ ኮግሻልና ክሊፍ ስፔንሰር የተባሉ ሁለት ሰዎች፣ አሜሪካ ቡፋሎ በሚገኘው የኒውዮርክ ግዛት ዩኒቨርሲቲ፣ ቡፌ በሚያህል ቫክስ በተባለ ማሽን ላይ ጀመሯት። ኋላ ላይ ቶድ ሚለር የተባለ ሰው ተረክቦ ሦስት ዐሥርት ዓመታት ተንከባከባት። ከእሷ በፊት ከባድ ሥራ ያለበት ሁሉ የሩትን ፓስወርድ ማወቅ ነበረበት፤ ማኅተሟ በየጠረጴዛው ትዞር ነበር ማለት ነው። ማን እንደመታት አይታወቅም። ሱዱ ግን የምትጠይቀው የራሳችሁን ፓስወርድ ነው፤ ማን በስንት ሰዓት ምን እንዳዘዘም ትመዘግባለች።

ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀማችሁባት ዕለት ሽማግሌ ሙሽራን እንደሚመክረው ትመክራችኋለች። የሰው ገመና አክብሩ፣ ከመጻፋችሁ በፊት አስቡ፣ ሥልጣን ሲበዛ ኃላፊነትም ይበዛል። አንድ ጊዜ ብቻ ትናገርና ዝም ትላለች፤ እንደ ሙሽራውም ሰሚው ያን ሰዓት ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው። ከዚያ ፓስወርድ ትጠይቃለች። ስትጽፉ ታዲያ አብዛኛውን ጊዜ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም። ሌላው ቦታ ቢያንስ ነጠብጣብ ይደረደራል፤ እዚህ ግን ጨለማ ነው። አንድ ጊዜ ሦስቴ ጽፌ ሦስቴ «ተሳስተሃል» ብላ መለሰችኝ። ጣቴን ጠረጠርኩ፣ ኪቦርዱን ገልብጬ አራገፍኩ፣ ከውስጡ የቆሎ ፍርፋሪ ወረደ። ለካ ጠዋት ለሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ ስጽፍ ወደ አማርኛ የቀየርኩትን ኪቦርድ አልመለስኩትም። ሦስቱንም ጊዜ ጥርት ባለ ፊደል በግእዝ ስጽፍላት ነበር።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። የሒሳብ ክፍል ኃላፊያችን ጡረታ ሊወጡ ሦስት ዓመት የቀራቸው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ወይዘሮ ናቸው። ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። ባለፈው ዓመት የአንድ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ተቃጥሎ የግማሽ ዓመት ሰነድ ይዞባቸው ሄደ። ለቅሶ የተቀመጡ ያህል ሰነበቱ። ከዚያ አንድ ቀን መጥተው ከጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ።

«አንተ ልጅ፣ ይኼ ነገር በየሌሊቱ በራሱ ጊዜ ግልባጭ እንዲይዝ ማድረግ አትችልም?»

«ይቻላል እትዬ፣ የአንድ ቀን ሥራ ነው» አልኩ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ከአፌ ባወጣኋት ቁጥር አንድ ወር ትበላኛለች።

ስክሪፕት ማለት በተርሚናል አንድ በአንድ የምትጽፏቸውን ትእዛዞች በወረቀት ላይ ጽፎ ለተላላኪ እንደመስጠት ነው። ተላላኪው ከላይ ወደ ታች እያነበበ ይፈጽማል። የእኔው ዐሥራ አንድ መስመር ነበር። ተነቃይ ዲስኩን ሰካ፣ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ፎልደር ገልብጥ፣ ዲስኩን ንቀል። ዲስክ መሰካትና የሰው ፎልደር መክፈት የሩት ፈቃድ ስለሚጠይቅ አምስት ቦታ ላይ ሱዱ አስገባሁ። ቀን ሞከርኩት፤ ጥያቄ ሳያነሣ ሠራ። ሌሊት እንዲሠራ ለክሮን ሰጠሁት። ክሮን የሊኑክስ ዘበኛ ነው፤ ሰዓቱ ሲደርስ የታዘዘውን ያስነሣል። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ጠዋት ዲስኩ ባዶ ነው። ሎጉን (ማሽኑ የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበትን ፋይል) ከፈትኩ፤ ሱዱ «ፓስወርድ የምጠይቅበት ተርሚናል ስጡኝ» ብላ ቀርታለች። አሰብኩት፤ ያ ምስኪን ስክሪፕት በጨለማ ተነሥቶ መስኮቱ ላይ ደርሶ ፓስወርድ ሲጠየቅ፣ ዞር ብሎ ቢያይ ሰው የለም። እኔ ገርጂ ተኝቻለሁ። ታዲያ ቀን ለምን ሠራ? ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ሱዱ አንዴ ፓስወርድ ከሰጣችኋት በዚያው ተርሚናል ለ15 ደቂቃ ደግማ አትጠይቅም። ጸሐፊያችን ሻይ ልትጠጣ ስትወጣ መሳቢያዋን ሳትቆልፍ ሄዳ፣ እኔ በዚያች ቅጽበት ገብቼ ደብዳቤዬን አስመትቼ «እዚህ ቤት ማኅተም ቀላል ነው» ብዬ እንደማውራት ነበር።

ቀጥሎ ያደረግኩትን አሁን ስናገር አፍራለሁ። ፓስወርዴን እዚያው ስክሪፕቱ ውስጥ ጻፍኩት። በኪቦርድ ሳይሆን ከሌላ ትእዛዝ የተላከላትን ፓስወርድ እንድትቀበል ሱዱን የሚያስገድድ፣ «ኤስ» የሚባል አማራጭ አለ። ሠራ! ሦስት ሌሊት ሠራ። በአራተኛው ቀን ለሙያ ልምምድ የመጣች ተማሪ፣ በቅን ልቦና፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ሰው በተሞላ ቢሮ ውስጥ ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ “ሽሮ ይበቃል 123” ማለት ምንድን ነው?»

ፋይሉን ማንም እንዲያነበው ክፍት ትቼው ነበር። ምናልባት ባልተወውም ማሽኑ ላይ ምን እየሠራ እንደሆነ የሚዘረዝር ትእዛዝ የሚያውቅ ሰው ፓስወርዴን ጨረፍ ሊያደርገው ይችል ነበር። ከሁሉ የባሰው ግን፣ ሽሮ የሚበቃው ሰርቨሩ ላይ ብቻ አልነበረም፤ ኢሜሌም ላይ ይበቃ ነበር። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ያለፈው ፓስወርድ በመቀየር ነው።

በዚያው ሳምንት አንዲት ሌላ ጣጣ አጋጠመችኝ። ሥራው ሲያልቅ «ተጠናቋል» የሚል ቃል የስርዓቱ ሎጎች ባሉበት ፎልደር ውስጥ እንዲጻፍ ፈለግኩ። ቃሉን የሚያወጣ ትእዛዝ፣ ከፊቱ ሱዱ፣ ከኋላው ወደ ፋይሉ የምታመለክተዋ የአሞራ ምንቃር የመሰለች ምልክት። «አልተፈቀደልህም» አለኝ። ሱዱ ብዬ! አንድ ሙሉ ጠዋት ከማሽኑ ጋር ተፋጠጥኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። በምንቃሯ በኩል ፋይሉን የሚከፍተው ሱዱ ሳትሆን ትእዛዜን የሚቀበለው ሼል ነው፤ የሚከፍተውም ገና ሱዱን ከመጥራቱ በፊት፣ በእኔ በተራው ሰው ስም ነው። ሚኒስትር ይዘህ እየመጣህ፣ በር እንዲያስከፍት የጎረቤት ልጅ አስቀድመህ እንደመላክ ነው። ዘበኛው የሚያየው ልጁን ነው፤ ሚኒስትሩ ኋላ መኪና ውስጥ ነው ብትለው ምን አገባው። መፍትሔዋ «ቲ» የምትባል ትንሽ ትእዛዝ ናት። የቧንቧ ሠራተኞች ውኃን ሁለት ቦታ የሚከፍሉባት ያችው ቲ ናት፤ ስሟም የመጣው ከእሷ ነው። ቃሉን በቧንቧ ወደ ቲ ትልካለህ፣ ቲን በሱዱ ታስነሣለህ፤ ያኔ ፋይሉን የምትከፍተው ቲ ራሷ ስለሆነች በሩ ይከፈታል።

ፓስወርዱ ከስክሪፕቱ ከወጣ በኋላ ግን ዋናው ጥያቄ እንደቆመ ነው። ሌሊት ማን ፓስወርድ ይስጥልኝ? ስክሪፕቱ ላይ የባለቤቱን ሥልጣን የሚያወርስ ምልክት ለጥፌ ነበር። በባለቤቱ ሥልጣን እንዲሠራ ይላል ምልክቱ፤ ሊኑክስ ግን ስክሪፕት ላይ ሲያየው እንዳላየ ያልፈዋል። ለተርታ ፕሮግራም ይሠራል፣ ሱዱ ራሷም የምትኖረው በእሱ ነው፣ ለስክሪፕት ግን አይታመንም። የቀረኝ ውክልና ነው።

ሱዱ ማን ምን እንዲያዝ እንደተፈቀደለት የሚጻፍበት መዝገብ አላት። መዝገቡን እንዳገኙ ከፍተው አይጽፉበትም፤ «ቪሱዱ» በሚባል ትእዛዝ ነው የሚገባበት፤ እሱ ስሕተት ካገኘ ከማስቀመጡ በፊት ይጮኻል። አለበለዚያ፣ በተለይ በቆዩት ቅጂዎች፣ አንዲት የተዛነፈች ምልክት ሱዱን ለሁሉም ትዘጋታለች፤ ለማረም የሚያስፈልገው ደግሞ ያው ሱዱ ነው። ቁልፉን ውስጥ ረስቶ በሩን መዝጋት ነው።

እዚህ መዝገብ ፊት ተቀምጬ ውክልና ለመስጠት ሰነዶች ማረጋገጫ የተሰለፍኩበት ቀን ትዝ አለኝ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጠቅላላ ውክልና የያዘ ሰው ቤታችሁን ያስተዳድራል፣ ኪራይ ይሰበስባል፤ ልሽጠው ቢል ግን አይችልም፣ ለሽያጭ ልዩ ውክልና ይጠየቃል። ብልህ ሕግ ነው፤ ስንት አጎት ስንት ቤት ከመሸጥ አድኗል። የሱዱ መዝገብ ግን እንዲህ ያለ ርኅራኄ የለውም። «ሁሉንም፣ ያለ ፓስወርድ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሁሉንም ማለት ነው፤ ቤቱን መሸጥ ብቻ ሳይሆን እናንተ ውስጥ ተኝታችሁ ማፍረስም ይገባበታል። ብዙ ሰው የሚጽፈው ደግሞ ይህንኑ ነው፤ ትደክማለህ፣ ሌሊት ነው፣ «ለጊዜው» ትላለህ። በእኔ ዕድሜ ያየሁት ቋሚ ነገር ሁሉ ለጊዜው የተሠራ ነው።

እኔ ግን ልዩ ውክልና ጻፍኩ። ይህ ተጠቃሚ፣ ይህን አንድ ስክሪፕት ብቻ፣ ያለ ፓስወርድ። ኮራሁ። ጠበቃ የሆንኩ መሰለኝ። ማታ ራት ላይ እጄን እየታጠብኩ ነው የደነገጥኩት። ስክሪፕቱ ያለው እኔው ፎልደር ውስጥ ነው፤ እኔ በተራ ስሜ ልለውጠው እችላለሁ። ስለዚህ በስሜ የገባ ማንም ሰው ዐሥራ አንዱን መስመር አጥፍቶ የፈለገውን ቢጽፍበት፣ ሱዱ የምታየው የፋይሉን ስም እንጂ ውስጡን ስላልሆነ፣ ዓይኗን ሳታሽ ታሳልፈዋለች። በእርሳስ በተጻፈ ደብዳቤ ላይ ማኅተም መትቼ፣ ላጲሱን አብሬ ያስቀመጥኩ ሰው ሆንኩ። በማግስቱ ፋይሉን ወስጄ ሩት ብቻ ወደሚነካው ቦታ አዛወርኩት፣ ባለቤቱንም ሩት አደረግኩት።

ስለ ላጲስ ካነሣሁ አይቀር፣ በሩት ሥልጣን የሚሠራ ስክሪፕት ውስጥ ያለች አንዲት ባዶ ቦታ ምን እንደምታደርግ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 «ባምብልቢ» የተባለ፣ ሁለት የግራፊክስ ካርድ ላላቸው ላፕቶፖች የተሠራ ፕሮግራም ነበር። የመጫኛ ስክሪፕቱ አንድ በ«ዩኤስአር» ፎልደር ውስጥ፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የሚገኝ ነገር እንዲያጠፋ ታዟል። ጸሐፊው ከ«ዩኤስአር» ቀጥሎ ሳያስበው ባዶ ቦታ አስገባ። ማሽኑ አንዱን አድራሻ ሁለት አድርጎ አነበበው፤ «ዩኤስአርን አጥፋ፣ ሌላውንም አጥፋ»። በዩኤስአር ውስጥ ያለው አብዛኛው ፕሮግራማችሁ ነው። የጫኑት ሰዎች በገዛ እጃቸው፣ ሱዱ ብለው፣ ፓስወርዳቸውን በጨለማ ጽፈው፣ ኮምፒውተራቸውን አስበሉት።

ይህን ለመረዳት እኛ ከማንም እንቀርባለን። «ወርቅነህ» ሰው መጥራት ነው፤ «ወርቅ ነህ» ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ብድር ከመጠየቅ በፊት የሚመጣ ነው። ልዩነቱ አንዲት ባዶ ቦታ ናት። አባቶች በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ ይተክሉ የነበረው ወደው አይመስለኝም፤ ሁለት ነጥብ ሳታስበው አይገባም፣ ቀለም ነክረህ ነው የምትጥለው። ባዶ ቦታ ግን አውራ ጣት ስታርፍ ራሱ ይመጣል።

የእኔ ስክሪፕት ውስጥም ባዶ ቦታ ፍለጋ ሁለት ቀን አሳለፍኩ። አላገኘሁም፤ ልቤ ግን አላርፍ ስላለ ለዚያ የስልኩ ጓደኛዬ ደወልኩ። ነገሬን ሁሉ አስረዳሁት፤ ውክልናውን፣ ላጲሱን፣ ቲን።

«ቆይ» አለኝ። «ሥራው በሙሉ የሩት ከሆነ ለምን በሩት ክሮን አታስገባውም? ሩት ማንን ፓስወርድ ይጠይቃል?»

ዝም አልኩ።

«አንተ አይደለህ እንዴ “መጀመሪያ ሩት መሆን አለብህ” ያልከኝ?»

አንድ ወር ሙሉ ቤተ መንግሥት ውስጥ ቁጭ ብዬ «በንጉሥ አምላክ!» እያልኩ ስጮኽ ኖሬአለሁ። አምስቱንም ሱዱ አወጣኋቸው። በምትካቸው አንድ መስመር ጨመርኩ፤ የአስነሺው ቁጥር ዜሮ ካልሆነ ተመለስ ይላል። ውክልናውን ከመዝገቡ ሰረዝኩ። «ቤቴ» ማለት የሆነችውንም ትንሽ ምልክት በሙሉ አድራሻ ቀየርኳት፤ ሩት «ቤቴ» ሲል የሚሄደው የራሱ ቤት ነውና። የሩትን ክሮን ከፍቼ ደቂቃውን ዜሮ፣ ሰዓቱን ሌሊት 8 ብዬ ጽፌ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት የወሩ መጨረሻ ነበር። እትዬ ፔሮል የሚያሰናዱበት ቀን። 2 ሰዓት ከሩብ ሲሆን ቢሮው ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ሁሉ ቆመ። አንድ ፋይል ለመክፈት ቡና ይፈላል። ከየክፍሉ «የኮምፒውተር ልጅ!» የሚል ድምፅ ተነሣ። እኔ ቀድሜ ገብቶኛል፤ ሰርቨሩ የሚያውቀው የፈረንጁን ሰዓት ነው። 8 ብዬ የጻፍኩለትን እሱ ያነበበው የእኛን ጠዋት 2 ሰዓት ብሎ ነው። የሠራተኛውን ፎልደር በሙሉ፣ ሠራተኛው ሥራ በጀመረበት ሰዓት፣ በትጋት እየገለበጠ ነው።

እትዬ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። ጸሐፊያችንም ማኅተሟን በእጇ እንደያዘች ተከትላቸው መጣች።

«ማነው የያዘው?» አሉ እትዬ።

ማሽኑ ላይ ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን ትእዛዝ ጻፍኩ። ስክሪኑ ተሞላ፤ በሁለተኛው ዓምድ የእያንዳንዱ ሥራ ባለቤት ስም አለ። እትዬ መነጽራቸውን አጠለቁ፤ በደመወዝ ዝርዝር ላይ እንደሚያደርጉት ጣታቸውን ከላይ ወደ ታች እያወረዱ አነበቡ።

«ሩት። ሩት። ሩት። ሩት። … ሁሉንም የምትሠራው ይቺው ናት?»

«አዎ እትዬ። ማለቴ…»

«ሌሊትም?»

«ከዛሬ ጀምሮ፣ አዎ፣ ሌሊትም።»

ጸሐፊያችን ወደ እኔ ያየችውን አስተያየት አውቀዋለሁ። እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ፤ በክሩ ደረታቸው ላይ ወደቀ።

«እኔ ለሃያ ሦስት ሰው ነው የምከፍለው» አሉ ዝግ ብለው። «ፔሮሉን በቃሌ ነው የማውቀው። ይቺን ልጅ በየትኛው በጀት ነው የቀጠራችኋት?»